38 ቃል ላይ ለቆመችው የችሎት ጽሕፈት ተማሪ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «እትዬ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የችሎት ጽሕፈትና የድምፅ ግልበጣ እየተማርኩ ነው። ስጀምር በደቂቃ 12 ቃል ነበርኩ። በአራት ወር 38 ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ንቅንቅ የለም። ያውም 38 የምጽፈው ዜና ሲነበብልኝ ነው። የምስክር ቃል ሲሆን 27 እወርዳለሁ። ፈተናው በደቂቃ 40 ቃል ይላል፣ ለ5 ደቂቃ። ከ200 ቃል 10 ስህተት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሲያልቅ ለማረሚያ 10 ደቂቃ ይሰጡናል። አንዴ ሞክሬ ወድቄያለሁ። በዚያ ላይ አሜሪካ ያሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች 225 ቃል ሲጽፉ በቪዲዮ አየሁና ቅስሜ ተሰበረ። ተስፋ አለኝ ይላሉ? ዜናውንም ምስክሩንም የጻፍኩበትን ወረቀት ልኬልዎታለሁ።»

እታለሜ፣ መጀመሪያ ያንን ቪዲዮ ዝጊው።

እነዚያ ሰዎች የሚጽፉት አንቺ በምትጽፊበት ገበታ አይደለም። ማሽኑ ስቴኖታይፕ ይባላል። 22 ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ አይመቱም፤ ክራር ተጫዋች ክሮቹን ባንዴ ጠራርጎ እንደሚመታ ብዙውን አንድ ላይ ይጫናሉ። የግራ እጅ የቃሉን መጀመሪያ ድምፅ ይይዛል፣ አውራ ጣቶች አናባቢውን፣ የቀኝ እጅ መጨረሻውን። አንድ ምት አንድ ክፍለ ቃል ነው። አንዳንዴ ሙሉ ቃል፣ አንዳንዴም ሙሉ ሐረግ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ያንን ተቀብሎ ጸሐፊዋ ለራሷ ካዘጋጀችው መዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየ ወደ እንግሊዝኛ ይፈታዋል። አንቺ «ፍርድ» ለማለት ሦስት ጊዜ ትመቻለሽ። እሷ አንዴ ጫን አድርጋ ታልፋለች።

ደግሞ እነሱም ይቆማሉ። ብሔራዊ ማኅበራቸው የሚሰጠው የመጀመሪያው የሙያ ፈተና ሦስት ክፍል አለው፤ 180፣ 200 እና 225 ቃል በደቂቃ። እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ነው፣ 95 በመቶ ትክክል መሆን አለበት። 225ቱ በጥያቄና መልስ መልክ የሚነበበው የምስክር ቃል ነው። እዚያ ለመድረስ ተማሪው ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ አንዱ ደረጃ ላይም ወራት ተተክሎ ይቀራል። ለዚህ መቆም ስም አውጥተውለታል፤ በእኛ ቋንቋ አምባ ማለት ነው። ሽቅብ ወጥተሽ፣ ሜዳ ሆኖብሽ፣ ቀጣዩ ዳገት አልታይ ሲልሽ። ስለዚህ ሁለት ወር መቆምሽ በሽታ አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቶችሽ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። ቃሉን አይደለም የቆጠርኩት፣ ምቱን ነው፤ ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተመታ።

አማርኛን በቃል ቁጥር መለካት ሰው ያሳስታል። እኔ በምጠቀምበት የድምፅ አቀማመጥ፣ ማለትም ፊደሉ እንደ ድምፁ በተናባቢና በአናባቢ ቁልፍ በሚመታበት፣ ሳድስ ፊደል አንድ ምት ነው፣ ሌላው አብዛኛው ሁለት። «ፍርድ» ሦስቱም ሳድስ ነው፤ 3 ምት። አሁን «አላስታወስኩትም»ን ቁጠሪ። 13 ምት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም «አንድ ቃል» ተብለው ነው የሚቆጠሩት። እንግሊዞቹ ይህን ጣጣ ገና ድሮ ስላዩት ለታይፕ ፈተና አንድ ቃል ማለት 5 ምት ነው ብለው ክፍት ቦታውንም ጨምረው ቆርጠውታል። እኛ አልቆረጥንም።

ዜናሽ ላይ አንድ ቃል ከነክፍት ቦታው በአማካይ 6.5 ምት ወጣ። «የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ዓይነት አጫጭር ቃል ይበዛዋል። 38 ሲባዛ በ6.5፣ 247 ምት በደቂቃ። የምስክሩ ቃል ላይ አማካዩ 9 ምት ነው። «ስላልተመለሰልኝ»፣ «አስገድደውኝ»፣ «እንዳልነበረበት» ሞልቶበታል። 27 ሲባዛ በ9፣ 243 ምት።

አየሽው? ጣትሽ ሁለቱም ላይ እኩል ነው የሮጠው። ምስክር ሲሆን አልደከምሽም። የመለኪያው ጨዋታ ነው።

ፈተናሽ የሚነበበው ዜና መሰል ጽሑፍ ከሆነ 40 ቃል ማለት 260 ምት ነው። የጎደለሽ 13 ምት ነው ማለት ነው። በደቂቃ! ለ13 ምት ሁለት ወር ማልቀስ አይገባም፣ ግን ደግሞ የት እንደጠፉ ማወቅ ይገባል።

የጠፉበትን ወረቀቱ ራሱ ነገረኝ። በጣም ንጹሕ ነው። ዜናው በ5 ደቂቃ 190 ቃል ሆኖ ስህተቱ ሁለት ብቻ ነው። 10 ስህተት ተፈቅዶልሽ ሁለት ተጠቀምሽ። ስምንት ስህተት ተርፎሽ ነው የወደቅሽው። እንዲህ ንጹሕ ወረቀት ያለው ተማሪ እየጻፈ የሚያርም ተማሪ ነው። ጣቱ ማጥፊያው ቁልፍ ላይ ነው የሚያድረው።

አንድ መመለስ ስንት እንደሚፈጅ አስቢ። ማጥፊያውን አንድ ምት፣ ፊደሉን እንደገና ሁለት ምት። ሦስት። በደቂቃ አምስት ጊዜ ከተመለስሽ 15 ምት ሄደ። የምትፈልጊው ስንት ነበር? 13። ይህ የጣቱ ብቻ ነው። ዐይንሽ ወደኋላ ሄዶ ሲመለስ፣ ጆሮሽ ያቋረጠውን ቃል ሲፈልግ የሚጠፋው ጊዜ ገና አልተቆጠረም። አንባቢው ደግሞ አንቺን አይጠብቅም።

ይህን የማውቀው መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። እኔም የመጀመሪያውን የቅጥር ፈተናዬን የወደቅሁት በዚሁ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተይው። «መቃወሚያ» የሚለውን ቃል «መቃዎሚያ» ብዬ ጻፍኩት። ተመልሼ አስተካከልኩ። ቀና ስል አንባቢው ሙሉ ዐረፍተ ነገር አልፎኛል። ያንን ልይዝ ስሮጥ ሌላ አበላሸሁ፣ እሱንም ልመልስ አልኩ። በአንድ «ዎ» ምክንያት አሥራ አንድ ቃል ዘለልኩ። «ዎ»ውን ብተወው ኖሮ አንድ ስህተት ነበር፣ እሱም በማረሚያው ደቂቃ የሚስተካከል። አንቺም እኮ 10 ደቂቃ ማረሚያ አለሽ! ያ ጊዜ የተሰጠሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ሥራሽ ይህ ይሁን፦ ማጥፊያውን ቁልፍ በፕላስተር ሸፍኚው። የምሬን ነው። ቁስል ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ፕላስተር ይበቃል። ጣትሽ ሄዶ ሻካራ ነገር ሲነካ ይደነግጣል። መጀመሪያ ሦስት ቀን ታብጃለሽ። ስህተቱ ገጹ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያፈጥብሽ ያሳክካል። ተይው፣ እለፊው። በሳምንቱ መጨረሻ ስህተትሽ ወደ 15 ሊወጣ ይችላል፣ አትደንግጪ። ሩጫው ሲገባሽ ተመልሶ ይወርዳል።

ከዚሁ ጎን ለጎን ከአቅምሽ በላይ ሩጪ። የስቴኖ ተማሪዎች አምባው ላይ ሲቆሙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ባለሽበት ፍጥነት መቶ ጊዜ ብትጽፊ ያንኑ ፍጥነት ነው የምታደነድኚው። አንድ ገጽ ጽሑፍ በደቂቃ 38 ቃል አድርገሽ በስልክሽ በራስሽ ድምፅ ቅጂ። ከዚያ ማጫወቻውን 1.2 ላይ አድርጊው። 45 ግድም ሆነ። በዚያ ፍጥነት ለግማሽ ደቂቃ ብቻ ጻፊ። ይበላሽ፣ ግማሹ ይዘለል፣ ግን እጅሽን አታቁሚ። አሥር ጊዜ ደጋግሚው። ቀጥሎ 1.1 ላይ አንድ ደቂቃ። በመጨረሻ ወደ ትክክለኛው ተመልሰሽ 5 ደቂቃ ጻፊ። ያ ያስቸግርሽ የነበረው 38 የተጎተተ ይመስልሻል። ይህ ስሜት ሲመጣ ልጅቷ ልትላቀቅ ነው እላለሁ። ለተማሪዎቼ ስልክ ይዤ ስቆምላቸው ፊታቸው ላይ አየዋለሁ።

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ሰዓት ሙሉ አትቀመጪ፣ የእጅ አንጓሽን ትጎጂዋለሽ። የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ጣት ከቁልፍ ጋር ይጣበቃል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ባጃጁም ገና አልተነሣም። በጾም ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ራስሽን አትፈትኚ፣ በማይረባ ውጤት ታዝኛለሽ።

ሌላው ጆሮ ነው። ጀማሪ ሁሉ ቃሉን እንደሰማ ወዲያው ሊጽፈው ይሻማል። ሲናገሩ ይጽፋል፣ ሲያቆሙ ያቆማል። እጁ እየተንደረደረ እየቆመ ስለሚሄድ ይደክማል። የለመደ ጸሐፊ ግን ሁልጊዜ ከተናጋሪው ሁለት ሦስት ቃል ኋላ ነው። ጆሮው ፊት ይሄዳል፣ እጁ በአንድ ወጥ ርምጃ ይከተላል። ጎጃም እኮ የቅኔ ሀገር ነው። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የነገሩትን ቅኔ ሰምቶ በቃሉ ይዞ፣ ውጭ ወጥቶ ከጓደኛው ጋር ሲፈታው ይውላል። አጎቴ እንዲያ ያደጉ ናቸው፤ የገበያ ዕቃ ዝርዝር ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሲያዩ ይስቁ ነበር። አንቺ የሚያስፈልግሽ የዚያ ሩቡ ነው። እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ታንብብልሽ። ሦስተኛውን ቃል እስክትል አትጀምሪ። እሷ ትቀጥል፣ አንቺ በሦስት ቃል ርቀት ተከተይ። መጀመሪያ ይበታተንብሻል። በአሥር ቀን ይያዛል።

መለማመጃ ሁልጊዜ ዜና ብቻ አይሁን። ዜና አንባቢ ተዘጋጅቶ የተጻፈ ነገር ነው የሚያነብ፣ ትንፋሹ የተለካ ነው። ሬዲዮ ላይ አድማጮች እየደወሉ የሚከራከሩበትን ፕሮግራም ያዥ። ሰው በሰው ላይ ይናገራል፣ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ይተዋል፣ «እንትን» ይላል። ችሎት ያ ነው። ጊዜ ካለሽ ደግሞ ግልጽ ችሎት ገብተሽ አዳምጪ። ችሎት በመርሕ ለማንም ክፍት ነው። ስልክሽን አጥፊና ኋላ ተቀመጪ። መጻፍ አያስፈልግም። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ምስክር ሲቀባበሉ ጆሮሽ ይለምድ።

ስለ ምስክር ቃል ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ፍጥነት ብቻውን ሰው ያሳስራልና።

አማርኛ ውስጥ «አይደለም» የሚለው ነገር የቃሉ ጫፍና ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። «አየሁት» እና «አላየሁትም»። ልዩነቱ ፊት «ላ»፣ ኋላ «ም»። ስትቸኩዪ ጆሮሽ የሚይዘው መሀሉን ነው፤ ማየት የሚለውን። ምስክር ደክሞት ድምፁን ሲያወርድ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ የመጨረሻዋ «ም» ናት። ስለዚህ ማረሚያ ላይ ስትደርሺ ፊደል ግድፈት ከመፈለግሽ በፊት ግሦቹን ብቻ ፈትሺ። «አል» እና «ም» አሉ ወይስ የሉም? ፈተና ላይ ይህ አንድ ስህተት ነው። መዝገብ ላይ የሰው ዕድሜ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ምስክሩ «ሲመታ አየሁት» አለ እንበል። «መ»ንም «ታ»ንም ሳያጠብቅ ካለው ሰውየው መቺ ነው። «መ»ንም «ታ»ንም አጥብቆ ካለው ተመቺ ነው። በጽሑፍ ሁለቱም «ሲመታ» ነው! ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። የሰዋስው መጽሐፍ ላይ ከፊደሉ በላይ የምትቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት አለች፣ ሁለት ነጥብ፤ መዝገብ ላይ ግን የሚጠቀምባት ሰው አላጋጠመኝም። ታዲያ ምን ይደረግ? ከራስሽ አትጨምሪ። «እየተመታ» ብለሽ አታቃኚለት፣ ያ የምስክሩ ቃል አይደለም። ከቅጂ የምትገለብጪ ከሆነ ደቂቃውንና ሰከንዱን በማስታወሻ ይዘሽ ለኃላፊሽ አሳዪ። ችሎት ውስጥ ከሆንሽ ዳኛው እንዲያጣሩት አመልክቺ። አንዳንድ ዳኛ ይቆጣል። ይቆጣ።

ሌላ በሩጫ የሚረሳ ነገር፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ የ1954ቱ፣ አንቀጽ 147 የምስክር ቃል ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄና ድጋሚ ጥያቄ ተብሎ ተለይቶ እንዲመዘገብ ይላል። መስቀለኛው፣ ማለትም ተቃራኒው ወገን የሚጠይቀው፣ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ መታየት አለበት። በወረቀትሽ ላይ ሦስቱም አንድ ላይ ፈስሰዋል። ቃሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ማን እንደጠየቀ ካልታወቀ ምን ይጠቅማል?

አሁን አንድ የምሥራች። ስቴኖዎቹ ረጅም ሐረግን በአንድ ምት እንደሚጽፉ ነግሬሻለሁ። አንቺም በመጠኑ ትችያለሽ። ዎርድ ውስጥ ራሱ የሚያርመው ክፍል ላይ አጭር ምልክት ታስገቢና ሙሉው እንዲወጣ ታደርጊያለሽ። እኔ «ዐሕ» ብዬ ክፍት ቦታ ስመታ «ዐቃቤ ሕግ» ይወጣል። «መጥ» ስል «መስቀለኛ ጥያቄ»። ወደ አርባ የሚሆኑ አሉኝ። ግን ከአምስት ጀምሪና በየሳምንቱ ሦስት ጨምሪ፤ ባንዴ አርባ ብትሞዪ ጣትሽ ሲያስታውስ ይቆማል፣ ያ ደግሞ ከመጻፍ ይብሳል። ለ«ከሳሽ» እና ለ«ተከሳሽ» የሚመሳሰል ምልክት በፍጹም አታድርጊ። አንድ ባልደረባዬ «ከሽ» እና «ተሽ» ብላ ነበር። አንድ ቀን ከሳሽ ዕዳውን አምኖ አረፈው። ደግነቱ ከመፈረሙ በፊት ተያዘ። ፈተና ላይ ይህን መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ ግን ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ አይፈቀድም።

ስለ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»፣ ስለ «ሰ» እና «ሠ» ጠይቀሽኝ ባትሆኚም ወረቀትሽ ላይ «ሥራ» እና «ስራ» ሁለቱም አሉ። አንዱን ምረጪና ተገላገዪ። የሰው ስም ብቻ መዝገቡ ላይ እንዳለው ይጻፍ።

የአካባቢውን ቃልም አትናቂ። ምስክር ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ አይናገርም። ከመሸንቲ፣ ከዘንዘልማ፣ ከዘጌ የሚመጣ ገበሬ መሬቱን በሄክታር አይነግርሽም፣ በቃዳ ነው የሚነግርሽ። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ተለማማጅ «ሁለት ቃዳ መሬት» የሚለውን «ሁለት ቀዳ መሬት» ብላ ጽፋው ሳቅን። አልፈረድንባትም፣ ሰምታው አታውቅም። የዓሣ መረብ ክርክር ሲመጣ ቀረሶና አምባዛ ይመጣል፣ ታንኳና ደንገል ይመጣል። የማታውቂው ቃል ጆሮሽ ላይ ሲያርፍ እጅሽ ይቆማል፤ ከምንም በላይ እዚያ ነው ምት የሚባክነው። ደብተር ያዢና አዲስ የሰማሽውን ሁሉ ጻፊ። ቅዳሜ ገበያ ብትሄጂም ትምህርት ነው።

ለመሆኑ 40 ካለፍሽ በኋላስ? ሥራው ላይ አብዛኛው ግልበጣ ከድምፅ ቅጂ ስለሆነ ማቆምና መመለስ ትችያለሽ። እኔ የአንድ ሰዓት ምስክርነት ለመገልበጥ ዛሬም ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጅብኛል። ድምፁ ከተበላሸ ይብሳል። እዚያ ላይ 40 ሆንሽ 50 የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ደጋግመሽ እንዳትሰሚ የሚያደርግሽ ጆሮሽ ነው።

ፈተናውን በሚቀጥለው ዙር ውሰጂው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሄደሽ አጣሪ። የፈተናው ክፍል ኮምፒውተሮች ላይ የተጫነው የአማርኛ ጽሕፈት የትኛው ነው? አንቺ የለመድሽው አንዲት «ል» ለመጻፍ አንድ ምት የሚበቃበትን ነው። ግዕዙ በአንድ ምት ወጥቶ ሳድሱ ተጨማሪ ምት የሚፈልግበት አቀማመጥም አለ። እዚያ ላይ ብትቀመጪ ከላይ የቆጠርኩልሽ ሁሉ ይገለበጣል፣ «ፍርድ» ሦስት ምት መሆኑ ይቀራል። ቀድመሽ ካወቅሽ በሦስት ሳምንት ትለምጂዋለሽ። ጠዋት ፈተና ላይ ካወቅሽው ግን ከባድ ነው። ሰኞ ሂጂና ጠይቂ፣ ያሉሽንም ጻፊልኝ።